አንሶላ ገመድ ሲሆን

መብራት ጠፍቷል። ሦስት አንሶላ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ውሃ ላይ ተኝቷል። በሩን ብከፍተው መታጠቢያ ቤቱ ይጥለቀለቃል። ካልከፈትኩት ደግሞ መብራት መጠበቅ ነው። የስልኬ ባትሪ ስልሳ ምናምን ፐርሰንት አለው፤ እስኪመጣ ድረስ ስለ አንሶላ ልጻፍላችሁ።

አትሳቁ። ከሁለት ወር ተኩል በፊት እኔም እስቅ ነበር።

ባለቤቴ ግንቦት መጨረሻ ላይ ሴት ልጅ ተገላገለች። አማቴ ከደሴ መጡና አራሷን ያዙ። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ ሕፃኗን ማጠቡና ማሸቱ የእሳቸው ሆነ። «እኔስ ምን ልሥራ?» ስላቸው «አንተ ልብሱን ያዝልን» አሉኝ። ደስ አለኝ። ማሽን አለን። ቁልፍ ተጭኖ ኳስ ማየት ነው ብዬ አሰብኩ።

የሕፃን ልብስ እንኳ ችግር የለውም፤ መዳፍ ነው የሚያክለው። መከራው አንሶላ ነው። ልጅቷ ታስመልሳለች። ወተት ይፈሳል። ባለቤቴ ደግሞ ራሷን ቅቤ ተቀብታ ነው የምትተኛው። ሻሽ ብታስርም ሌሊት ይወልቅና ትራሱም አንሶላውም ቅቤ ሲጠጣ ያድራል። በሳምንት አንዴ አንሶላ የሚቀየርበት ቤት በሁለት ቀን አንዴ የሚቀየርበት ሆነ። አማቴ የሚተኙበት አልጋ አለ። ሳሎን ፍራሽ ዘርግቼ የምተኛው እኔም አለሁ።

የመጀመሪያው እሑድ ያገኘሁትን ሁሉ ጨመርኩ። ላስቲክ ያላቸው ሁለት አንሶላዎች፣ ሁለት ዝርግ አንሶላ፣ የኮምፈርቱ ልብስ፣ አራት የትራስ ልብስ፣ ፎጣ፣ እግረ መንገዴን ደግሞ ካልሲዎቼን። ማሽኑ ላይ «7 ኪሎ» ተብሎ ተጽፏል። በጉልበቴ ገፍቼ በሩን ዘጋሁት።

ማጠቡንስ አጠበ። ሊጨምቅ ሲነሳ ነው ጉዱ የመጣው። ዱም፣ ዱም፣ ዱም። ቆመ። ትንሽ ወዲህ ወዲያ አገላበጠና እንደገና ሞከረ። ዱም፣ ዱም። ቆመ። የቀረው ሰዓት 9 ደቂቃ ይላል። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ 9 ደቂቃ። ዜና አይቼ ስመለስም 9 ደቂቃ። ማሽኑ ራሱ ከግድግዳው ተነስቶ ሁለት ሴራሚክ ያህል ተራምዷል። ከታች ያለችው ጎረቤታችን ደወለች። «ቤት እያፈረሳችሁ ነው እንዴ?»

አጥፍቼ ከፈትኩት። ውስጡ ልብስ የለም። እግሩን ታስሮ የተኛ ሙክት የሚያክል አንድ ድቡልቡል ነገር ብቻ ነው ያለው። ላስቲክ ያለው አንሶላ አፉን ከፍቶ ሌላውን ሁሉ ውጦታል። ዝርጉ አንሶላ ተጠምዝዞ ገመድ ሆኗል፤ ገመዱ ደግሞ ድቡልቡሉን ዙሪያውን ጠፍሮታል። አንዱን ጫፍ ስስብ ሌላው ይጠብቃል። ውሃው በክንዴ እየወረደ ብብቴ ገባ። ጎትቼ አውጥቼ ሳፋ ውስጥ ስፈታው መሐሉ ላይ የዱቄት ሳሙናው ተጋግሮ ቁጭ ብሏል። የትራሱ ልብስ ቅቤውን እንደያዘ ነው። አንደኛው ካልሲ ላስቲኩ ማዕዘን ውስጥ ተወሽቆ የተገኘው ከሁለት ቀን በኋላ፣ አንሶላው ሊነጠፍ ሲል ነው።

አማቴ ሕፃኗን እንዳቀፉ በር ላይ ቆመው አዩኝ።

«ይሄ ማሽን ያጥባል ነው የምትሉት፣ ያስራል?»

ከታች ያለችው ጎረቤታችን ዱባይ ስድስት ዓመት ቆይታ የመጣች ናት። ሆቴል ውስጥ፣ ላውንደሪ ክፍል ነው የሠራችው። ይሄንን የማውቀው አሁን ነው፤ ሦስት ዓመት ደረጃ ላይ ሰላም ስንባባል የት እንደነበረች ጠይቄያት አላውቅም። ማታ አራስ ልትጠይቅ ወጣች። ቡናው ሲያልቅ አማቴ የኔን ጉድ አወሩላት። ሳቀች። ከዚያ ተነስታ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደች።

የማሽኑን ዓይነት ትጠይቀኛለች ብዬ ነበር። እሷ የጠየቀችኝ ሌላ ነው።

«እንዴት ነው የምታስገባው?»

«እንዴት ማለት?»

«እስቲ አሳየኝ።»

አንድ አንሶላ ከቅርጫቱ አነሳሁ። ጠቅልዬ፣ እንደ ጎመን እስር በሁለት እጄ አቅፌ፣ ጎሰጎስኩት።

«በቃ! አንተ ራስህ ቋጥረህ እየሰጠኸው ማሽኑ ምን ያድርግ ወንድሜ?»

መልሳ አወጣችው። አንዱን ጫፍ ይዛ አራገፈችው። ከዚያ እንደ ሽንሽን ቀሚስ ወዲህና ወዲያ ላላ አድርጋ እያጠፈች ወደ ውስጥ ለቀቀችው። ሁለተኛውን ለብቻው፣ በላዩ ላይ። ሦስተኛውንም እንደዚሁ። ከሦስተኛው በኋላ መዳፏን አቁማ ከላይ አስገባችና «እጅህ ቆሞ የሚገባበት ቦታ ከሌለ በዝቷል ማለት ነው» አለችኝ። የኔ እጅ የዚያን እሑድ ቆሞም ተኝቶም አይገባም ነበር።

እነሱ ጋ አንሶላው ሁሉ ዝርግ ነበር። ላስቲክ የለውም። ያም ሆኖ ከትልልቆቹ ማሽኖች ተጠላልፎ ነው የሚወጣው። «ሥራችን መፍታት ብቻ የሆነ ሦስት ሴቶች ነበርን» አለችኝ። ከጠዋት እስከ ማታ ቆመው እርጥብ አንሶላ ይፈታሉ፣ ያራግፋሉ፣ ከዚያ ነው ወደ ትልቁ መተኮሻ የሚሄደው። የቀኝ እጇን አንጓ አሳየችኝ። ብርድ ሲሆን አሁንም ያማታል። እዚያ የተኙት እንግዶች አንሶላው በእጅ ተፈትቶ እንደመጣላቸው ያውቁ ይሆን?

ሥራዬ ሒሳብ ስለሆነ ነገር ካልለካሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። በነጋታው ሜትር ይዤ ማሽኑ ፊት ተንበረከክሁ። የሆዱ ስፋት 47 ሳንቲ ሜትር ነው። ዙሪያው እንግዲህ 1 ሜትር ከ48 ገደማ ይሆናል። የሜትር ከሰማንያ አልጋችን አንሶላ ደግሞ 2 ሜትር ከ40 በ2 ሜትር ከ60 ነው። አያችሁት? አንሶላው በማሽኑ ውስጥ አንድ ዙር ሞልቶ ይዞርና ሜትር የሚያህል ይተርፈዋል። የተረፈው የራሱን ጭራ ይደርባል። ሸሚዝ እንዲህ አያደርግም፤ ቁመቱ አይፈቅድለትም። አንሶላ ግን ረጅም ስለሆነ ማሽኑ በአንድ አቅጣጫ በዞረ ቁጥር ይጠመዘዛል። አቅጣጫ ሲቀይር ትንሽ ይፈታል፣ ግን ከጎኑ ሌላ ነገር ከያዘ ያንንም ይዞት ይዞራል።

ላስቲክ ያለው ደግሞ የባሰ ነው። አራቱ ማዕዘኖቹ አራት ኪስ ናቸው። ውሃ ሲገባባቸው ይነፋሉ፣ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ያገኙትን ይውጣሉ። ላስቲኩ ከዚያ አፉን ይሰበስበዋል። ልክ እንደ ገንዘብ ከረጢት። ለዚያ ነው የትራስ ልብስና ካልሲ ሁልጊዜ እዚያ ውስጥ የሚገኙት።

ሚዛንም ተጠቅሜያለሁ። ደረቁ አንሶላ 800 ግራም ገደማ ነው። ሳይጨመቅ ሲወጣ ከ2 ኪሎ በላይ ይሆናል። ሦስቱ አንድ ላይ ከተቋጠሩ በአንድ ወገን የተንጠለጠለ 6፣ 7 ኪሎ ድንጋይ ማለት ነው። ያንን ይዞ በደቂቃ 1000 ጊዜ መሽከርከር ማሽኑን ይሰብረዋል። ስለዚህ ይሞክራል፣ ሚዛኑ እንዳልተስተካከለ ያውቃል፣ ያቆማል፣ ሊያገላብጥ ይታገላል፣ እንደገና ይሞክራል። ያ 9 ደቂቃ ውሸት አልነበረም ለካ። ማሽኑ እየለመነኝ ነበር።

«7 ኪሎ» የሚለውን ጽሑፍም ያኔ ነው የተረዳሁት። በሒሳብ ከሄድን 7 ኪሎ ከስምንት አንሶላ በላይ ነው። ስምንት አንሶላ ግን ታጥቦ አያውቅም፤ ታሽጎ ነው የሚወጣው። የኔ ማሽን ትልልቁን አንሶላ ሦስት፣ ቢበዛ አራት ነው የሚችለው። ከዚያ በላይ የከተትኩ ቀን ሁሉ ሁለት ጊዜ አጥቤያለሁ። ውሃ በሳምንት ሁለት ሌሊት በሚመጣበት ብሎክ ሁለት ጊዜ ማጠብ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ዝርጉን ከዝርግ ጋር፣ ላስቲክ ያለውን ከላስቲክ ጋር። ፎጣ ከአንሶላ ጋር አይገባም፤ ፎጣ ከባድ ነው፣ ውሃ ይይዛል፣ አንሶላው ይጠቀልለዋል፣ ሲደርቅም አንሶላው ላይ ጉድፍ ይተዋል። የትራስ ልብሶች ለብቻቸው ከሕፃኗ ጨርቆች ጋር ይሄዳሉ። ቅቤ የነካቸውን አስቀድሜ በሙቅ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አሽቼ ነው የምጨምራቸው። የኮምፈርቱን ልብስ ገልብጬ ቁልፎቹን ሁሉ እቆልፋለሁ። አንድ ቀን ሁለቱን ረስቼ ከፍቼ ተውኩት፤ በዚያች ቀዳዳ ሦስት የትራስ ልብስ ገብቶ አገኘሁ። እንዴት እንደገቡ እስካሁን አልገባኝም።

የዱቄት ሳሙናውን በጆግ ሙቅ ውሃ በጥብጬ ነው የማፈሰው። ውሃ በሌለበት ቀን ደግሞ ከበርሜሉ እየቀዳሁ በሳሙናው መሳቢያ በኩል በጆግ እጨምርለታለሁ። ብዙ ሰው እንደዚህ ያደርጋል፤ ማሽኑ ውሃው ከቧንቧ ይምጣ ከበርሜል አይጠይቅም። መስነፍ ግን አያስፈልግም። ውሃው ካነሰ አንሶላው አይንሳፈፍም፣ ካልተንሳፈፈ ደግሞ ይጣበቃል።

ዋናው ነገር ግን መሐል ላይ ማቆም ነው። ይሄንን ያስተማረችኝ እሷው ናት። ማሽኑን መጨመቁን አጥፍቼ አስጀምረዋለሁ። አጥቦ፣ አለቅልቆ፣ ውሃውን ደፍቶ ይቆማል። ሁለት ደቂቃ ያህል ጠብቄ በሩ ቀጭ ሲል እከፍታለሁ። አንሶላዎቹን አንድ በአንድ አወጣለሁ። ያን ጊዜ ገና ላላ ብለው ነው የሚጠላለፉት፤ ጎተት ስታደርጉት ይለቃል። ሳፋው ላይ አራግፌ፣ እንደ ሽንሽኑ አድርጌ መልሼ አስገባና መጨመቅ ብቻ እለዋለሁ። በ1000 ሳይሆን በ800። አሥር ደቂቃ ትፈጃለች። ከተጨመቀ በኋላ ልፍታው ብትሉ ግን ያኔ ቋጠሮው ጠብቋል፣ ሽምቀቃው ከርሯል፣ ጨርቁም ተጨማዷል። መተኮስ ሊኖርባችሁ ነው። በዚህ መብራት።

ኢንተርኔት ላይ የአንሶላውን ማዕዘኖች በሰያፍ አስሩ የሚሉ አሉ። ሞክሬዋለሁ። እውነት ነው፣ አይጠመዘዝም። ግን እኔ ሳስር አጠብቀዋለሁ መሰለኝ፣ ቋጠሮው ውስጥ ሳሙናው አልደረሰም፤ ሲጨመቅ ደግሞ ቋጠሮው ድንጋይ ሆነ። በጥርሴ ነው የፈታሁት። እጃችሁ ለስላሳ ከሆነ ሞክሩት።

የአንሶላው ጨርቅም ለውጥ አለው። ፖሊስተር የበዛበት፣ ያ የሚያንሸራትተው፣ ስሙ ሁሌ «ኮተን» ተብሎ የሚሸጠው፣ ቀላል ስለሆነ ቶሎ ገመድ ይሆናል። ቶሎም ይደርቃል፤ አንዱን ጥፋት በአንዱ ይክሳል። አማቴ ከደሴ ሁለት የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ አንሶላ ይዘው መጥተዋል። ከሃያ ዓመት በላይ የተኛባቸው፣ ነጭ፣ ወፍራም ጥጥ። እነሱ ማሽኑ ውስጥ እንደ ትልቅ ሰው ናቸው። ረጋ ብለው ይወድቃሉ፣ ረጋ ብለው ይነሳሉ። ችግራቸው ውሃ ሲጠጡ አይጣል ነው፤ እርጥቡን ብቻዬን መሸከም አልችልም።

መብራትም ውሃም የጠፋ ሳምንት እነዚያን ሁለቱን ከአማቴ ጋር በሳፋ አጠብናቸው። ከአንድ ሌሊት በፊት ዘፈዘፏቸው። ጠዋት እሳቸው በርጩማ ላይ ቁጭ ብለው አሹ፤ እኔ ሦስት ጊዜ አለቀለቅኩ። መጭመቅ ላይ ስንደርስ ተነሱና «ያዝ» አሉኝ። አንዱን ጫፍ እኔ፣ ሌላውን እሳቸው። በረንዳው ላይ ትይዩ ቆምን።

እኔ ወዲያው መጠምዘዝ ጀመርኩ። «ቆይ! መጀመሪያ አጥፈው።» በቁመቱ ለአራት አጠፍነው፣ ጠርዙን ከጠርዝ ገጥመን። ከዚያ እሳቸው ወደ ቀኝ፣ እኔ ወደ ቀኝ። ትይዩ ስለቆምን የሁለታችን ቀኝ ተቃራኒ ነው። ውሃው መሐሉ ላይ እንደ ገመድ ወረደ። ሰባ ዓመት ሊሞላቸው የተቃረቡ ሴትዮ ናቸው፤ ጫፉ ከእጄ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። «ያዝ እንጂ፣ ወንድ አይደለህ?» አሉኝ። ከዚያ ከተጠመዘዘበት በተቃራኒ አቅጣጫ መልሰን ፈታነው፣ ወደ ኋላ አንድ አንድ እርምጃ ሄድን፣ አንድ ጊዜ ወደ ላይ አነሳንና ወደ ታች መታነው። ጧ! አለ። ከፊት ለፊት ብሎክ አንድ ልጅ በመስኮት ብቅ ብሎ አየን። ሁለተኛ ጧ! ብትተኩሱት ከዚያ የተሻለ አይሆንም።

ማታ ስለ ልጅነታቸው አወሩኝ። ቦርከና ወንዝ ወርደው ነበር የሚያጥቡት። ነጩን ልብስ በእንዶድ። አንሶላና ጋቢ ታጥቦ የሚደርቀው ሣር ላይ ተዘርግቶ ነው፣ አራት ጫፉ ላይ ድንጋይ ተደርጎ። «ማን ይጠላለፋል? ተኝቶ ነው የሚደርቀው።» እንዶድ ሲሉ ዶክተር አክሊሉ ለማ ትዝ አሉኝ። እሳቸውም በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ሲያጥቡ ቆመው አይተው ነው፣ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው በማግኘታቸው እንዶድ ቢልሃርዝያ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የደረሱበት። እኔ የልብስ አጣቢ ሥራ ቆሜ ያየሁት በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ያገኘሁትም ካልሲ ነው።

ማስጣቱ ሌላ ሥራ ነው። በረንዳችን አጭር ናት፤ አንሶላ ስታሰጡባት ጫፉ ከታች የጎረቤትን መስኮት ይሸፍናል። ስለዚህ ወደ ግቢ እወርዳለሁ። ኮሚናሉ አጠገብ የብረት ምሰሶና ሽቦ አለ። ኮሚናል ለማታውቁት፣ ኮንዶሚኒየም ሲሠራ በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት ተብሎ የታሰበ የጋራ ቤት ነው። የእኛው ውስጥ ልብስ የሚያጥብ ሰው አይቼ አላውቅም። ሽቦዎቹ ግን ሁሌም ሙሉ ናቸው።

መጀመሪያ ላይ አንሶላውን ሽቦው ላይ ወርውሬ ግማሹን ወዲህ ግማሹን ወዲያ አድርጌ እሄድ ነበር። ነፋስ ሲመጣ አንደኛው ወገን ሽቦውን ይዞራል፣ ደግሞ ይዞራል፣ ስመለስ ሽቦው ላይ የተጠመዘዘ እርጥብ ጥቅልል ነው የማገኘው። ውጪው ደርቆ ውስጡ ጠብ ይላል። ከዚያ በላይ ደግሞ ዛገ። ነጭ አንሶላ መሐል ለመሐል ቡናማ መስመር። በረኪና ላድርግበት ስል ጎረቤታችን ጮኸችብኝ፤ በረኪና ዝገትን ያባብሰዋል እንጂ አያስለቅቀውም። ሎሚና ጨው አድርጌ ፀሐይ ላይ ተውኩት። ሁለት ቀን ፈጀ፣ ግን ለቀቀ። አሁን የናይለን ገመድ አለኝ፤ ሳሰጣ አስራለሁ፣ ሳነሳ ፈትቼ ይዤ እገባለሁ።

እና አይወረወርም። አንሶላውን ለሁለት አጥፌ ሁለቱን ቅምቅማት አንድ ላይ ገመዱ ላይ አመጣለሁ፤ እጥፋቱ ወደ ታች ይንጠለጠላል። በስድስት መቆንጠጫ እይዘዋለሁ። ሁለት ለዳርና ዳር፣ አራቱ ለመሐል። ሁለቱን ቅምቅማት መሐል ላይ ትንሽ ከፈት አድርጌ ብቆነጥጣቸው ነፋሱ በዚያ ይገባና አንሶላው እንደ ጆንያ ይነፋል። የተነፋ ነገር አይጠመዘዝም። ከውስጥም ከውጭም ይደርቃል። ላስቲክ ያለውን ገልብጬ፣ ኪሶቹ አፋቸው ወደ ታች እንዲሆን አድርጌ ነው የማሰጣው፤ አለዚያ ውሃ ያጠራቅማሉ። ቀለም ያለውን ጀርባውን ለፀሐይ። ነጩ እንደፈለገ ይሁን።

ይሄ ሁሉ ለበጋ ነው። ነሐሴ ሌላ ነገር ነው። ፀሐይ ብትመጣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰማዩን ማመን አይቻልም። ስለዚህ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ተነስቼ አጥባለሁ። ያልደረቀውን ቤት ውስጥ በር ላይ አንጠለጥለዋለሁ። ለሦስት አጥፌ ከሰቀልኩት እጥፋቱ ውስጥ ሽታ ይጀምረዋል፤ በየሁለት ሰዓቱ መገልበጥ አለበት። የሳሎኑ በር አንሶላ ስላለበት ለሁለት ቀን አልተዘጋም። አራስ ጥየቃ የመጣ ዘመድ ሁሉ ጎንበስ ብሎ ነው የገባው።

ላስቲክ ያለውን ማጠፍ ግን አቅቶኛል። ጎረቤታችን ሁለት እጇን ሁለቱ ማዕዘኖች ውስጥ ከታ፣ አንዱን በአንዱ ላይ ገልብጣ፣ ከዚያ ሌሎቹን ሁለቱን እዚያው ላይ አልብሳ፣ ጠረጴዛ ላይ አሳርፋ ለሦስት ታጥፈዋለች፤ ከሱቅ እንደወጣ ነው የሚመስለው። እኔ ሳደርገው የተጣለ ፌስታል ይመስላል። ባለፈው ሳምንት አማቴ ይሄንን ስቃይ ሲያዩ ቆዩና መቀስ ይዘው መጡ። እኔ ክሩን ሊቆርጡ መስሎኝ ነበር። ቁጭ ብለው የአንዱን አንሶላ ላስቲክ ዙሪያውን ተርትረው አወጡት። ማዕዘኖቹን ፈትተው ቀመቀሙት። ሲጨርሱ ዘረጉትና «ይኸው፣ ሰው ሆነ» አሉ።

ባለቤቴ ተናዳለች። አዲስ ነበር። ላስቲክ ያለው አንሶላ ሌሊት ስትገላበጥ ከፍራሹ አይወልቅም፣ ልክ ናት። ላስቲኩ ግን ለፍራሽ እንጂ ለማሽን አልተሠራም፤ እኔ ደግሞ አሁን የማሽኑ ወገን ነኝ። የተርታሪውን ስም ለጊዜው ተዉት፣ ቤቱ ሰላም ይሁን ብያለሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት የልጃችን ክርስትና ነው። ሰማንያ ቀኗ። ከደሴ ሰባት እንግዳ ይመጣል፤ አራቱ እኛ ጋ ነው የሚያድሩት። አማቴ ቆጥረው አሥራ አንድ አንሶላ ያስፈልጋል ብለውኛል። ከጠዋት ጀምሮ አምስቱን አጥቤ አስጥቻለሁ፣ ሦስቱ እዚህ ውሃ ላይ ናቸው፣ ሦስቱ ቅርጫት ውስጥ ተራ ይጠብቃሉ። ማሽኑ የቆመው ልክ ሊያለቀልቅ ሲል ነው። አሁን መብራቱ ከዘገየ ከታች ያለችውን የማጣሪያ ክዳን ከፍቼ ውሃውን በሳህን በሳህን ልቀዳ ነው። ባለፈው ጊዜ አርባ ደቂቃ ፈጅቶብኛል፤ ወገቤ አሁንም ያስታውሰዋል።

ባትሪው ሠላሳ ሁለት ገባ። ሕፃኗ ነቅታለች።

ከታች ጎረቤታችን እየጮኸች ነው። «ዝናብ! አንሶላ ያሰጣችሁ! ኧረ ዝናብ መጣ!»

አምስት ናቸው። ልውረድ።